ቶፊ፣ ጣሳ እና «ምን ደረሰብሽ?»

እኛ አገር «ባህላዊ» የሚባለው ግቢ ዘበኛ የቆመበት ይመስላል። ዶሮ ወጥ ሲመጣ ዘበኛው ብድግ ብሎ ሰላምታ ይሰጣል። ጠጅ፣ ጭኮ፣ ዳቦ ቆሎ ሳይፈተሹ ያልፋሉ። ጥሬ ሥጋማ ዘበኛውንም ጋብዞ ነው የሚገባው። ሌላው ሁሉ ግን በር ላይ ቆሞ መታወቂያ ይጠየቃል። «ከየት መጣህ? ማን አመጣህ? ስንት ዘመን ሆነህ?» ይባላል። አጥጋቢ መልስ ካጣ «የፈረንጅ ነገር» የሚል ማኅተም ተመትቶበት ይመለሳል።

ዛሬ በር ላይ ለሚጉላላ አንድ እንግዳ ጥብቅና ልንቆም ነው። እንግዳው ቶፊ ነው። አዎ፣ ቶፊ! ያውም ፋብሪካ የጠቀለለው ሳይሆን ሴቶች በገዛ ምድጃቸው ላይ የሚሠሩት፣ ከጣሳ ወተትና ከስኳር የሚወጣው፣ ቡናማው፣ አፍ ውስጥ ገብቶ ፍርፍር የሚለው። «ስንት የሚጻፍ ጉዳይ እያለ ስለ ከረሜላ?» ለምትሉን ወገኖች፣ ትንሽ ታገሡን። ነገራችን ከከረሜላው ይጀምራል እንጂ እዚያ አይቆምም።

የምንለው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ከጣሳ የወጣ ወተት ባህል መሆን ይችላል፤ በብዙ አገር ሆኗልም። ሁለተኛ፣ ይህን ቶፊ ከአረብ አገር ይዘውልን የተመለሱት እህቶቻችን ባለሙያ ናቸው። የመጀመሪያውን ለማሳመን ታሪክ ይበቃናል። ሁለተኛውን ለማሳመን ግን ከራሳችን ጋርም መጣላት አለብን።

ጣሳው ባህል ሲሆን

የወተትን ውኃ አትንኖ፣ ስኳር ጨምሮ፣ በጣሳ አሽጎ ለወራት ማቆየት የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። አሜሪካዊው ጌል ቦርደን የፈጠራ መብቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1856 ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት (እ.ኤ.አ. ከ1861 እስከ 1865) ሲፈነዳ የሰሜኑ ጦር ለወታደሮቹ ስንቅ አድርጎ ገዛው። እ.ኤ.አ. በ1866 ደግሞ ሁለት አሜሪካውያን ወንድማማቾች ስዊዘርላንድ ውስጥ፣ ካም በምትባል ከተማ፣ ለአውሮፓ ገበያ የሚያመርት የጣሳ ወተት ኩባንያ አቋቋሙ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1905 ከኔስሌ ጋር ተዋሐደ።

ምሥጢሩ የተወሳሰበ አይደለም። ከወተቱ ውኃ 60 በመቶ ያህሉ ይወጣል፤ የስኳሩ ድርሻ ደግሞ ከጠቅላላው ክብደት ከ40 እስከ 45 በመቶ ይደርሳል። ይህን ያህል ስኳር ባለበት ተህዋስያን የሚጠጡት ውኃ አጥተው መራባት ያቅታቸዋል። ማር ለምን እንደማይበላሽ ለሚያውቅ አበሻ ይህ አዲስ ነገር አይደለም።

እንግዲህ ይህ የጦር ሜዳ ስንቅ፣ ይህ የፋብሪካ ልጅ፣ በየአገሩ ጓዳ ገብቶ ምን ሆነ? እስቲ ሦስት ቦታ እንይ።

ስኮትላንዶች «ታብሌት» የሚሉት ጣፋጭ አላቸው። ከ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀምሮ የሚታወቅ ሲሆን ድሮ የሚሠራው ከስኳርና ከክሬም ነበር። ክሬም ግን እሳት ላይ ቶሎ ያራል። ጣሳው ሲመጣ ሴቶቹ ክሬሙን ትተው ጣሳውን ያዙ። ዛሬ አንድን የስኮትላንድ ልጅ «የአያትህ ታብሌት ከምንድነው የሚሠራው?» ብትሉት ሳያመነታ ጣሳውን ይጠራላችኋል። ባህሉ ራሱ ጣሳ ውስጥ ገብቶ ወጥቷል ማለት ነው።

ብራዚል ሂዱ። ያለ «ብሪጋዴሮ» የሚከበር የልደት በዓል ማግኘት ይቸግራል። የጣሳ ወተት፣ ቅቤና ካካዎ ተማስሎ፣ ተድቦልቡሎ፣ በቸኮሌት ፍርፋሪ የሚለወስ ነው። ስሙ የወታደር ማዕረግ ነው። በስፋት የሚነገረው ታሪክ እንደሚለው፣ እ.ኤ.አ. በ1945ቱ የፕሬዚዳንት ምርጫ የብሪጋዴር ኤድዋርዶ ጎሜስ ደጋፊ የነበሩ ሴቶች ለቅስቀሳው ገንዘብ ለማሰባሰብ ይህን ጣፋጭ እየሠሩ ይሸጡ ነበር። የብራዚል ሴቶች የመምረጥ መብት ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1932 ነውና፣ ፕሬዚዳንት በቀጥታ ሲመርጡ ያ የመጀመሪያቸው ነበር። ብሪጋዴሩ በዩሪኮ ጋስፓር ዱትራ ተሸነፉ። ከረሜላው ግን እስከ ዛሬ አልተሸነፈም!

ሦስተኛው ስሪላንካ ነው። እዚያ «ኪሪ ቶፊ» ይሉታል፤ የወተት ቶፊ ማለት ነው። አንድ ጣሳ ወተት፣ ስኳር፣ ጥቂት ቅቤ፣ ካሹ፣ ቫኒላ። ስሙ ቶፊ ይባል እንጂ እንደ እንግሊዞቹ ቶፊ ጥርስ የሚፈትን አይደለም፤ ለስለስ ብሎ ይፈረፈራል። በየቤቱ ይሠራል፣ በየሱቁም በፍሬ ይሸጣል።

ከሦስቱ አገሮች በአንዱም ጣሳውን የፈጠረ የለም። ባህል ያደረገው የሴቶች እጅ ነው። አንዷ ለአንዷ አሳየች፣ ያቺ ለልጇ አሳየች፣ ሁለት ትውልድ ሲያልፍ «የአያቴ» ተባለ። በቃ፣ ባህል ማለት ይኸው ነው።

«ለነሱ ይሁንላቸው፣ የኛ ግን ሌላ ነው» የሚል አይጠፋም። ለዚህ ወገናችን አንድ ጥያቄ ብቻ አለን፤ ዶሮ ወጡን ያቀላው ምንድነው? በርበሬ የአሜሪካ አህጉር ተክል ነው። ከኮሎምበስ ጉዞ በፊት፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ1492 በፊት፣ ከዚያ አህጉር ውጭ አይታወቅም ነበር። ድንችም በቆሎም የዚያው አገር ሰዎች ናቸው። ዘበኛው እነዚህን ሁሉ መታወቂያ ሳይጠይቅ አስገብቷል። እንግዲህ ለቶፊ ሲሆን ብቻ ነው ሕጉ የሚከበረው?

ኮሎምቦ፣ ቤሩት፣ አዲስ አበባ

አሁን ወደ ሰፈራችን እንምጣ። ቶፊውን ያስተማረችን እህት ቤሩት አሥራ አንድ ዓመት ሠርታ የተመለሰች ናት። (ስሟን አንጠራም፤ እሷም «ስሜን ተዉት፣ ቶፊውን ጻፉት» ብላናለች።) እሷስ ከማን ተማረች? ፎቅ ላይ ከምትሠራ ስሪላንካዊት።

ይህ አጋጣሚ ብቻ አይደለም። ከኛ እህቶች በፊት የሊባኖስንና የባሕረ ሰላጤውን አገሮች ጓዳዎች የያዙት የስሪላንካ ሴቶች ነበሩ። ሊባኖስ ውስጥ «ስሪላንኪያ» የሚለው ቃል «የቤት ሠራተኛ» ማለት እስኪሆን ድረስ! የአገር ስም የሥራ ስም ሆነ። ኋላ ኢትዮጵያውያን ብዙኃኑን ቦታ ሲይዙ ሴቶቹ በየደረጃው፣ በየሰገነቱ፣ ልብስ ሲያሰጡ ተገናኙ። ከተጣመመ አረብኛ በቀር የጋራ ቋንቋ አልነበራቸውም። የተረዳዱት በእጅ ነው። «እንዲህ አማስይ፣ አሁን አውርጂ፣ አሁን ቁረጪ።» ማንም ሥልጠና ብሎ ያልመዘገበው ሥልጠና!

እስቲ አሠራሩን እንዳየነው እንንገራችሁ።

397 ግራም የሚይዘው አንድ ጣሳ ወተት፣ 400 ግራም ስኳር፣ ግማሽ ብርጭቆ ውኃ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የገበታ ቅቤ። ካሹው አዲስ አበባ ላይ ኪስ ስለሚያራቁት በእሱ ፋንታ ተቆልቶ የተፈተገ፣ ሸክሸክ የተደረገ ለውዝ፣ ሁለት እፍኝ። ድስቱ ወፍራም መሆን አለበት። ስስ ድስት ከታች ያሳርራል።

በመጀመሪያ ስኳሩና ውኃው ይሞቃሉ። የስኳሩ ፍሬ እስኪጠፋ ድረስ ይጠበቃል፤ እዚህ ላይ የቸኮለ ኋላ አሸዋ ይበላል። ከዚያ ወተቱና ቅቤው ይገባሉ፣ እሳቱ ይቀንሳል፣ ማማሰያው ይነሳል። ከዚህ በኋላ ስልክ ማንሳት የለም፣ በር መክፈት የለም፣ ፌስቡክ የለም። የወተቱ ፕሮቲን ድስቱ ወለል ላይ ቶሎ ስለሚይዝ ማማሰያው የድስቱን ግርጌና ጥግ ሁሉ መፋቅ አለበት። ሃያ፣ ሃያ አምስት ደቂቃ። በዚህ መሐል ነጩ ወደ ዳለቻ፣ ዳለቻው ወደ ቡናማ ይሄዳል፤ ቤቱንም ያ ሽታ ይሞላዋል። ቀለሙና ሽታው የሚመጡት የወተቱ ፕሮቲንና ስኳሩ እሳት ላይ ሲዋሐዱ ነው፤ ዳቦን የሚያጠይመውም፣ ቡናን ሲቆላ የሚያሸትተውም የዚሁ ዓይነት ለውጥ ነው።

ዋናው ጭንቅ «መቼ ይውረድ?» የሚለው ነው። እዚህ ላይ ነው እህታችን ከፈረንጅ የምግብ መጽሐፍ የበለጠችው።

መጽሐፉ ቴርሞሜትር ይዛችሁ 116 ዲግሪ ላይ አውርዱ ይላል። መጽሐፉ የተጻፈው በባሕር ጠለል ላይ ለሚኖር ሰው ነው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ተሻግራ የተቀመጠች ከተማ ናት። እዚህ ውኃ የሚፈላው 100 ላይ ሳይሆን 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቴርሞሜትሩ እየፈላ ካለ ስኳር ውስጥ የሚነግረን ምን ያህል ውኃ እንደቀረ ነው፤ የመፍላቱ መነሻ በስምንት ዲግሪ ያህል ዝቅ ሲል ሌላውም አብሮት ዝቅ ይላል። ኮሎምቦ ላይ 116 የሆነው አዲስ አበባ ላይ 108 አካባቢ ነው። መጽሐፉን አምኖ 116 የጠበቀ የአዲስ አበባ ልጅ የሚያገኘው ቶፊ ሳይሆን ጡብ ነው።

ኮሎምቦም ቤሩትም የባሕር ዳርቻ ከተሞች ናቸው። ስለዚህ ቶፊው ከኮሎምቦ ቤሩት ሲሄድ ሕጉ አልተለወጠም፤ የተለወጠው አዲስ አበባ ሲደርስ ነው። እህታችን ይህን ከፊዚክስ መምህር አልሰማችም። ቤሩት ላይ የለመደችው ደቂቃ እዚህ አልሠራ ሲላት ደቂቃውን ጣለችና ውኃ ያዘች። በቀዝቃዛ ውኃ የተሞላ ብርጭቆ አጠገቧ ታስቀምጣለች። ከድስቱ ጠብታ ትጥልበታለች። ጠብታው ከተበተነ ገና ነው። በጣቷ ስትሰበስበው ለስላሳ ድብልብል ከሆነላት ይወርዳል። ከጠነከረባት አልፏል። ይህ ፈተና ከፍታ አያውቅም፤ አሰብም ይሠራል፣ ደብረ ብርሃንም ይሠራል። ምክንያቱም የሚለካው ሙቀቱን ሳይሆን ቶፊውን ራሱን ነው።

ከወረደ በኋላ ለውዙና ቫኒላው ይገባሉ፤ አንድ ሁለት ደቂቃ በኃይል ይመታል። ፍርፍርታውን የሚያመጣው ይህ ምት ነው፤ ስኳሩ ደቃቅ ሆኖ እንዲረጋ ያደርገዋል። ቅቤ የተቀባ ትሪ ላይ ይገለበጣል፣ ይዳመጣል፣ ሳይቀዘቅዝ በቅቤ በታሸ ቢላ ይቆረጣል። ከቀዘቀዘ በኋላ ልቁረጥ ያለ ቢላውን ይሰብራል።

ጣሳው የጠፋ ወይም የተወደደ ጊዜስ? (መቼ ነው የማይወደደው?) ለሱም መልስ አላት። አንድ ሊትር ያልተቀጠነ ወተት፣ 200 ግራም ስኳር፣ ቁንጥር ቤኪንግ ሶዳ ጥልቅ ድስት ውስጥ ይጨመራል። ሶዳው ወተቱ እንዳይቆራረጥ ይይዘዋል፣ ቀለሙንም ያፈጥነዋል፤ ግን አረፋ ስለሚያስነሳ ነው ድስቱ ጥልቅ የሚሆነው። በዝግታ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ፣ ሲሦው አካባቢ እስኪቀር ድረስ ማማሰል ነው። የቦርደን ፋብሪካ በአንድ ምድጃ! አርጀንቲናዎች «ዱልሴ ደ ሌቼ» የሚሉትም በዚሁ መንገድ ብዙ የተጓዘ ወተት ነው። (ያልተከፈተ ጣሳ ውኃ ውስጥ የምትቀቅሉ ጀግኖች ደግሞ ውኃው ከጣሳው በታች ከወረደ ጣሳው ሊፈነዳ እንደሚችል እወቁ። ቶፊ ጣሪያ ላይ አይበላም።)

ረቡዕና ዓርብ ሲሆን፣ ዓቢይ ጾም ሲገባ፣ ወተትና ቅቤው ይቀራል፤ ስኳሩ ብቻውን ቀልጦ ለውዝና ሰሊጥ ይለወስበታል። አያችሁ? ቶፊው ጾም ጀምሯል። ከዚህ በላይ ምን መታወቂያ ትፈልጋላችሁ?

ስድስቱ ጥያቄዎችና የቀረችው አንዷ

እዚህ ላይ ወደ ራሳችን ጣት እንቀስር። እኛ ጋዜጠኝነት ተምረን የወጣን ልጆች ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ስድስት ጥያቄ ተምረናል፤ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት። ዜና ማለት ለነዚህ መልስ መስጠት ነው ተብለናል። ታዲያ ከአረብ አገር የተመለሰች ሴት ማይክ ፊት ስትቀመጥ ስድስቱ ጥያቄ ወዴት ይሄዳል? አንዱ ብቻ ይቀራል፤ «ምን ደረሰብሽ?»

ጥያቄው ስህተት አይደለም። መጠየቅ አለበት። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችንን ስትመልስ፣ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የሊባኖስ ኢኮኖሚ ሲንኮታኮት አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን ቤሩት ባለው ቆንስላችን ደጃፍ ላይ ጥለው ሲሄዱ፣ «ምን ደረሰባችሁ?» ብሎ ያልጠየቀ ጋዜጠኛ ሥራውን አልሠራም። ጥያቄያችን ለምን እዚያው ላይ ያበቃል የሚል ነው። ለምን «እንዴት» የምትለዋ ቀረች? እንዴት ትሠሪዋለሽ? እንዴት አወቅሽው? እንዴት አሥራ ሁለት ሰው በአንድ ምድጃ ታበያለሽ? እንዴት የማታውቂውን ቋንቋ በስድስት ወር ያዝሽ?

«ምን ደረሰብሽ?» የምትባል ሴት ነገር የደረሰባት ሴት ናት። «እንዴት ትሠሪዋለሽ?» የምትባል ሴት ነገር የምታደርግ ሴት ናት። ያቺው ሴት ናት፤ ጥያቄው ነው የለያያት። የመጀመሪያውን ብቻ አሥር ዓመት ስንጠይቅ ከርመን «ተመላሽ» የሚለው ቃል ራሱ ከዕቃ ቤት የመጣ ይመስል ጀመር። ተበላሽቶ የተመለሰ ነገር ዓይነት።

አማርኛችን እዚህ ላይ ከኛ ይሻላል። «ሙያ» የሚል ቃል አለው። ኢንጂነሩም ሙያ አለው፣ ዶሮውን አሥራ ሁለት ቦታ የምትበልተዋም ሙያ አላት። ሁለቱም «ባለሙያ» ናቸው፤ ቋንቋው አላበላለጠም። የለየነው እኛ ነን። ኢንጂነሩን ስንጠራ ደመወዝ እናስባለን፣ እሷን ስንጠራ ባል እናስባለን። ሆቴል ውስጥ ረጅም ነጭ ቆብ የደፋው ወንድ «ሼፍ» ነው፤ ያንኑ ወጥ ሰው ቤት የምትሠራው ሴት «ሠራተኛ» ናት።

«ሙያ በልብ ነው» የሚል ተረትም አለን። ጥሩ ተረት ነው፤ አትመጻደቅ፣ አትፎክር ማለት ነው። ለሴት ሲነገር ግን ሌላ መልክ ይይዛል፤ ያወቅሽውን በልብሽ ያዢው፣ ማንም አይክፈልሽ የሚል ይመስላል። በልብ የቀረ ሙያ ኪራይ አይከፍልም!

የሕጉን ነገር ደግሞ እዩት። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ለሥራ የምትሄድ ሴት 8ኛ ክፍል ያጠናቀቀችና ለምትቀጠርበት ሥራ የብቃት ማረጋገጫ የያዘች እንድትሆን ደንግጎ ነበር። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ሳትዘጋጂ አትሂጂ ነው። ግን አስቡት፤ ልትሄድ ስትል ብቃቷ ወረቀት ሆኖ ይሰጣታል። አሥራ አንድ ዓመት ሠርታ፣ የሊባኖሱንም የስሪላንካውንም የኛንም ይዛ ስትመለስ ግን አውሮፕላን ጣቢያ ላይ የሚፈተሸው ሻንጣዋ ነው። ሙያዋን «እስቲ አሳዪን» የሚላት ሰው ደጃፉ ላይ አልቆመም።

«ግን እኮ...» ለምትሉን

የሚመጣውን ተቃውሞ ስለምናውቀው አስቀድመን እንቀበለው።

አንደኛ፣ «በደሉን በስኳር ልታለብሱት ነው?» ትሉናላችሁ። የለም። ከፋላ የሚባለው ሥርዓት ሠራተኛዋን ከአሠሪዋ ጋር በሕግ ያስራታል፤ ፓስፖርቷን የነጠቀ፣ ደመወዟን የከለከለ አሠሪ እጁ ውስጥ የምትወድቀውም በዚያ ነው። ከዚያ ቤት የወጣ ሙያ የዚያ ቤት ስጦታ አይደለም። ልብ በሉ፤ ቶፊውን ያስተማረቻት አሠሪዋ አይደለችም፤ እንደሷው የታሰረች ሌላ ሠራተኛ ናት። ማመስገን ካለብን ያቺን የኮሎምቦ ሴት እናመስግን። እንዲያውም ሙያውን አለማየት በደሉን መድገም ነው። አሠሪዋ «አንቺ እጅ ብቻ ነሽ» አላት፤ እኛ «አንቺ ቁስል ብቻ ነሽ» እንበላት?

ሁለተኛ፣ «ሴትን ወደ ጓዳ ልትመልሱ ነው?» ይህ ከራሳችን ጓደኞች የሚመጣ ስለሆነ ይከብደናል። እኛም ሃያ ዓመት ሙሉ «ሙያ ልመጂ» ስንባል ያደግን፣ ወንድሞቻችን ኳስ ሲጫወቱ ሽንኩርት ስንከትፍ የነበርን ነን። ጓዳ ስትሉን ጭሱ ይሸተናል። ግን ጓዳው ክፉ የሆነው እዚያ ውስጥ ዕውቀት ስለሌለ አይደለም፤ ዕውቀቱ ዋጋ ስለማይከፈለው ነው። መፍትሔው ዕውቀቱን መናቅ ሳይሆን ዋጋውን ማስከፈል ነው። ወንዶችም ማማሰያውን ቢይዙ ደግሞ እጃቸው አይቆረጥም።

ሦስተኛ፣ «ጥርስስ?» ይህ እውነት ነው። ይህ ነገር ስኳር በስኳር ነው። ሁለት ፍሬ ብሉና ጥርሳችሁን ፋቁ። መፋቂያ ያለን ሕዝብ ነን።

ምን ይደረግ?

መቼም አምድ ጽፎ «መንግሥት ሊያስብበት ይገባል» ብሎ መጨረስ የተለመደ ነው። እኛ ትንሽ ጠበብ እናድርገው።

የሙያ ብቃት ምዘና የሚሰጡ ተቋማት የመሄጃውን በር ያህል የመመለሻውንም ይክፈቱት። የተመለሰች ሴት አንደኛ ዓመት ተማሪ ሆና ከዜሮ እንድትጀምር አይደለም፤ ምድጃ ፊት ቆማ፣ ሠርታ፣ ተቀምሳ፣ ወረቀቷን ትያዝ። ያን ወረቀት ይዛ ሆቴልም ትቀጠር፣ ብድርም ትጠይቅ፣ ልጆችም ታስተምር።

እኛ የማይክ ልጆች ደግሞ «ምን ደረሰብሽ?» ብለን ስንጨርስ ካሜራውን አናጥፋው። «እንዴት?» እንበል። መልሷ ይረዝማል፤ ይርዘም። አርታኢያችን «ይሄ የምግብ ዝግጅት ሆነ» ሊለን ይችላል። ይበል!

ባልትና ቤት ያላችሁ እናቶች፣ ይህ ለእናንተ ነው። ሽሮው፣ በርበሬው፣ ዳቦ ቆሎውና ጭኮው በተደረደረበት መደርደሪያ ላይ አንድ ጥግ ለቀቅ አድርጉ። የሐረርና የድሬዳዋ ሐላዋና ሙሸበክ ገበያውን እንደያዙት ሁሉ ይህም ቦታ አያጣም። ባልትና ማለት እኮ የሴት እጅ ዕውቀት ማለት ነው፤ ዕውቀቱ በእግሩ ይምጣ በአውሮፕላን ምን ልዩነት አለው?

እናንተ አንባቢዎች ደግሞ ከፋብሪካው ደስታ ከረሜላ ጋር አትጣሉ፤ እኛም በሱ ነው ያደግነው። ግን በሰፈራችሁ ከቤሩት፣ ከዱባይ፣ ከጂዳ የተመለሰች አንዲት እህት አትጠፋም። ሄዳችሁ የምታውቀውን ጠይቋት። ምናልባት ቶፊ ላይሆን ይችላል፤ የሊባኖስ ታቡሌ ሊሆን ይችላል፣ የሩዝ አበሳሰል ሊሆን ይችላል፣ የአረጋዊ አያያዝ ሊሆን ይችላል። ካስተማረቻችሁም ክፈሏት። «ለጎረቤት ነው» እንዳትሉ! ጎረቤትም ስኳር የሚገዛው በብር ነው።

ዘበኛውንም አንድ ነገር እንለዋለን። ባህል መታወቂያ የለውም። ያለው እጅ ነው፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ብቻ ነው የሚኖረው። ቶፊው ከኮሎምቦ እጅ ወደ ቤሩት እጅ፣ ከቤሩት ወደ አዲስ አበባ ደርሷል፤ ከፍታውን አይቶ ልኩን አስተካክሏል፣ ካሹውን ትቶ ለውዝ ለምዷል፣ ጾም ጀምሯል። ይዛው የመጣችው ሴት ደግሞ አሁንም ደጅ ቆማለች። እሷ ሳትገባ እሱን ብቻ ብታስገባው አንስማማም።

ቸር ይግጠመን።